ከደረጃው ሥር የተቀመጠው ሻንጣ

ሪያድ፣ ሱለይማኒያ
መስከረም 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ለጋሽ ክንፈ፣

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ለጆሮዎ መድኃኒት ባይገኝ እንኳ ዕረፍት አይታጣ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ።

ደብዳቤው ሁለት ሉህ ነው። ሰማያዊውን ለእማዬ ያንብቡላት። ነጩ የእርስዎ ብቻ ነው። እሱን ሲያነቡ እባክዎ አፍዎን ይዝጉ። ሳይታወቅዎ ጮክ ብለው እንደሚያነቡ፣ ጎረቤት ሳይቀር እንደሚሰማ እማዬ በስልክ ነግራኛለች።

ለእርስዎ የምጽፈው ስልክ ስለማይሰሙ ብቻ አይደለም። ማዳም ስልኬን የምትሰጠኝ አርብ አርብ ነው፤ ተናግሬ እስክጨርስ አጠገቤ ትቀመጣለች። አማርኛ አታውቅም። ፊቴን ግን ታነባለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ ወረቀቱን ያስተካክል ወይም ይውጣ ተብሎ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ጥቅምት ሃያ አራት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ፍተሻ ነው ይላሉ። እኔ ወረቀት አለኝ። ማለቴ፣ አለሽ ይሉኛል። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ፓስፖርቴን አንድ ጊዜ፤ የመጣሁ ቀን ከእጄ ሲወሰድ። ሁለቱም ያሉት ካፊሌ ጋ፣ ማለት ያስመጣኝ ሰው ጋ ነው። የማዳም ባል ነው፤ ባባ እለዋለሁ።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። “አንቺ የእኔ ነሽ፣ ምን ያስፈራሻል?” ትለኛለች። የሚያስፈራኝ የእሷ መሆኔ እንደሆነ በዐረብኛ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።

የቤቱ ሾፌር ሙሀባው የሚባል የከሚሴ ሰው ነው። ደብዳቤዎቼን ወደ አገር ለሚገባ ሰው የሚሰጥልኝ እሱ ነው። ትናንት ፍርሃቴን ብነግረው ሳቀብኝ።

“እህቴ፣ ሩጫ ከመጣ እኔ መኪና አለኝ። አንቺ ምን አለሽ?”

“እግር” አልኩት።

“እሱም በነጠላ ጫማ” አለ።

ከዚያ በኋላ ሳህን ሳጥብ እግሬን አየሁት። እውነቱን ነው።

እርስዎ አስመራን ለቀው የወጡት በአንድ ጠዋት ነው። ልጆች ሆነን እንዴት ወጡ ስንልዎ “ሻንጣው ዝግጁ ነበር” ብለው ዝም ይሉ ነበር። ከዚያ አልፈን ጠይቀን አናውቅም። አሁን ልጠይቅዎ። ምን ነበረበት?

ስንቅነሽ


ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 1 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለስንቅነሽ፣

ያለሽበትን ደጃፍ የሚያውቅ አምላክ ከደጃፉ አይራቅ። እኛ ደኅና ነን። ገብሱ እሸት ይዟል። እናትሽ ሰማያዊውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። የጣራውን ቆርቆሮ ጠይቅልኝ ብላለች፤ ጠይቄያለሁ። ነጩን ጓሮ ወስጄ ከንፈሬን በእጄ ይዤ አነበብኩት።

ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በደንብ አንብቢው፤ ከዚያ ቅደጂው።

ሻንጣው በትከሻ የሚነገት ይሁን። ሞልተሽ ደረጃ ውጪበት። ካለከለከሽ ግማሹን አውጪ። እንደገና ውጪ። ሰው የሚወደውን ሲያሽግ ይከብደዋል፤ አንቺ የምትወጂውን አታሽጊ።

ውኃ ሁለት ጠርሙስ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መንገድ ላይ ትጥይዋለሽ። ተምር፣ ደረቅ ዳቦ። ስኳርና ጨው በየብቻቸው በላስቲክ ቋጥሪ፤ ሆድ ከተበላሸ ነፍስ የሚያቆየው እሱ ነው። ካልሲ ሦስት። ሰው ሆዱን ያስባል እንጂ እግሩን አያስብም። ግማሽ ሳሙና፣ መርፌና ክር፣ የእጅ ባትሪ። ክብሪት አይሆንም፤ ፈታሽ ያስቆጣል። ለሴት የሚያስፈልገውን እኔ አላውቀውም፤ አንቺ ጨምሪ።

የኢቃማሽን ቅጂ በማንም በኩል ብለሽ አግኚ። ሦስት ይሁን፤ አንዱ ሻንጣው ውስጥ፣ አንዱ ገላሽ ላይ፣ አንዱ ሌላ ሰው ጋ። ስልክ ይነጠቃልና ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፊ። ስምሽንና የአባትሽን ስም፣ ደብረ ብርሃን ብለሽ፣ ከልብስሽ ውስጥ በጨርቅ ላይ ስፊው። ለምን እንደሆነ አልነግርሽም። ስፊው።

ከሁሉም ቦታው ይበልጣል። አትደብቂው። ሃያ ዓመት ንብረት ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ዕቃ በችኮላ ጊዜ የሚገኘው እጅ በለመደው ቦታ ነው። የተደበቀ ሻንጣ የሌለ ሻንጣ ነው። በር አጠገብ፣ ጫማ የምታወልቁበት ቦታ ይቀመጥ።

አጎትሽ ክንፈ


ሱለይማኒያ
ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጋሽ ክንፈ፣

ምክርዎ እንደ ደረሰኝ እርስዎም በጎ ነገር ይድረስዎ።

አሸግኩት። ሻንጣው የማዳም ትልቋ ልጅ የጣለችው የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው፤ ዚፑ በሰም ተሻሽቶ ይሄዳል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ነው። ቦርሳውን አንግቼ ወጣሁ፤ አለከለክሁ። አንድ ቀሚስ አወጣሁ። ደግሜ ወጣሁ። የእማዬን ፎቶ ከነመስተዋቱ አወጣሁ። በሦስተኛው አላለከለክሁም። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሜ ሳስበው ከሦስት ዓመት ኑሮዬ የሚያስፈልገኝ ይህ ብቻ መሆኑ ገረመኝ። አስፈራኝም።

ቅጂውን ሙሀባው አመጣልኝ። ባባ ኢቃማዎቹን ለማሳደስ ሲልከው ከበቃላው፣ ከሱቁ ማለቴ ነው፣ አስገልብጦ ሦስት ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። “ማን ሰጠሽ ቢሉሽ ጂን ሰጠኝ በይ” አለ። አንዱን ራሱ አስቀመጠው። አንዱን በውስጥ ልብሴ ሰፋሁት፤ ስሜንም። ስሜ በገላዬ ላይ ይቆረቁረኛል። ስቆም አለ። ስቀመጥ አለ።

ዋናው በር ጋ ከእብነ በረዱ ደረጃ ሥር የጫማ መደርደሪያ አለ። እንዳሉኝ እዚያ አስቀመጥኩት፤ ከልጆቹ ቦርሳዎች አጠገብ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ሳልፍ ሁሉ አየዋለሁ። ዐሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። አንዳንዴ ቦርሳው ነው የሚያየኝ።

ቆርቆሮው ለገና ይደርሳል ብለው ይንገሯት።

ስንቅነሽ


ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለስንቅነሽ፣

ጥላውን ያጥላልሽ፤ ክፉ ዓይን ከላይሽ ላይ ይለፍ።

እናትሽ ቆርቆሮው ይቅር ብላለች። ጣራው አያፈስም አለች። ያፈሳል። በእሱ ፈንታ ፎቶሽን ላኪ ብላለች፤ ቁመትሽ ሙሉ የሚታይበት። ሬዲዮ የሰሙ ሰዎች ቤታችን እየመጡ ስለ ሪያድ ያወሯታል። እኔ አፋቸውን እያየሁ ምን እንደሚሉ እገምታለሁ።

በውኃው ላይ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። በየሳምንቱ ለውጪው፤ ላስቲክ ውስጥ ይሸታል። ካልሲዎቹ ሱፍ አይሁኑ። ባትሪውን አንድ ጊዜ አብሪና ሞክሪ። ቀን ቀርቧል። ሻንጣውን ከቦታው አታንቀሳቅሺ። እዚያው ነው? እዚያው መሆኑን ጻፊልኝ።

ክንፈ


ጉበይራ
ጥቅምት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.

(በሰማያዊው ሉህ)

እማምዬ፣ የሥላሴ ጥበቃ አይለይሽ። እኔ ደኅና ነኝ። አዲስ ቤት ገብቻለሁ። ሴቶች ብቻ ነን፤ ስንጫወት ነው የምንውለው። ሥራ የለብኝም ማለት ይቻላል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው እስካገኝ ታገሺኝ። ሬዲዮ የሚሰሙ ሰዎችን ቡና ጠጡና ሂዱ በያቸው። የምወድሽ ልጅሽ።

(በነጩ)

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ።

ቤት ቀይሬያለሁ። ባባ “ሁሩብ” ብሎ አስመዝግቦኛል፤ ጠፍታብኛለች ማለት ነው። ይህ ቃል ከስም ጎን ከተጻፈ ወረቀት ወረቀት መሆኑ ይቀራል። አሁን ከሚፈለጉት አንዷ ነኝ።

ያለሁት ጉበይራ፣ ራዲያ በምትባል የወሎ ሴት ክፍል ነው። ዘጠኝ ነን። ከታች ሱቅ አለ፤ ደብዳቤ እዚያ ይድረሰኝ። ቀጥሎ ያለው ሰፈር መንፉሃ ነው። ትናንት ከዚያ በኩል ጩኸት ነበር። ስለ እሱ አልጽፍም።

መስኮቱን በፍራሽ ደፍነነዋል። ቀንም ጨለማ ነው። በር ሲንኳኳ ዘጠኛችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ያንኳኳው ሲሄድ ማን መጀመሪያ እንደምትተነፍስ እናዳምጣለን።

ይህን የሚያመጣልዎ ሙሀባው ራሱ ነው። የዓመት ዕረፍቱን ጠይቆ ፈቅደውለታል፤ ወደ ከሚሴ ሲያልፍ ይገባል። ምግብ ያብሉት። ብዙ አይጠይቁት።

ስንቅነሽ


ደብረ ብርሃን
ኅዳር 5 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለስንቅነሽ፣ ለልጄ፣

ከዚያ ክፍል በሰላም የሚያወጣሽ ጌታ ይፍጠን። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

ይህን የምልከው በጎረቤታችን ልጅ በሂሩት እጅ ነው። እዚያ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ከዕረፍት ስትመለስ ሱቁ ታደርሰዋለች።

ሙሀባው መጣ። ሰላምተኛ ሰው ነው። እናትሽ እንቁላል ጠበሰችለት። ስለ አንቺ ስትጠይቀው “እማማ፣ እሷማ ወፍራለች፣ በበር አታልፍም” አላት፤ ከአፉ አነበብኩት። እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ሰው ከቤት ሳይወጣ ጠፋ ተብሎ አይመዘገብም፤ ንብረት ያለ ምክንያት ከመዝገብ አይሰረዝም። እናትሽ ማድጋ ይዛ ስትወጣ ለምን ሆነ ብዬ ጠየቅኩት። በጆሮዬ ሥር መጮህ ሊጀምር ሲል አፉን በእጄ ያዝኩት። ብዕር ሰጠሁት። ከዚያ የጻፈው ይህን ነው። “ጋሼ፣ እንዳልነግርዎት አስምላኝ ነበር። ሻንጣውን አገኙት። የታሸገ ሻንጣ በር ላይ ያላት ሠራተኛ ልትጠፋ ነው ይባላል። እዚያ አገር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ማወቅ ነበረብኝ።”

በር አጠገብ አድርጊው ያልኩሽ እኔ ነኝ። አትደብቂው ያልኩሽ እኔ ነኝ።

አንቺ ልትነግሪኝ አልፈለግሽም። እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፤ ዕዳ መመለስ አይደለም፤ ሌላ የምሰጥሽ ስለሌለኝ ነው።

ከአስመራ ስወጣ ሻንጣ አልነበረኝም። ግንቦት አሥራ ስድስት ጠዋት የመጋዘኑን ቁልፍ ይዤ፣ በአንድ ጫማ ነው የወጣሁት። ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአንድ ወታደር ጋር ሁለት ቀን ተጓዝን። ሻንጣ የነበረው እሱ ነው። ውኃውን፣ ስኳርና ጨውን በየብቻቸው፣ ካልሲውን፣ መርፌውን። ዝርዝሩ የእሱ ነው። በሦስተኛው ቀን ተቀመጠ፤ መነሣት አልቻለም። ሻንጣውን ከትከሻው ሳወልቅ አልከለከለኝም። አየኝ ብቻ። ስሙን አልጠየቅሁትም ነበር። ልብሱን ፈትሼ ስም አጣሁ። ስም ቢኖር ለእናቱ እጽፍ ነበር ብዬ እላለሁ። እውነት እጽፍ እንደነበር አላውቅም።

እንግዲህ ያስተማርኩሽ የወጣ ሰው ሳይሆን የቀረ ሰው ዕቃ ነው። ከዚያ ወዲህ አልጋዬ ሥር አንድ የታሸገ ሻንጣ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት። ውኃውን በየሳምንቱ እለውጣለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ያልለበስኩት ወፍራም ሹራብ አለበት። እናትሽ የቤተ ክርስቲያን ልብሴ ይመስላታል።

ምን አድርጊ ልበልሽ? ከእንግዲህ አልመክርም። ተደበቂ ለማለትም እፈራለሁ፤ ውጪ ለማለትም እፈራለሁ። አንቺ የታየሽን አድርጊ።

ክንፈ


ጉበይራ
ኅዳር 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለጋሽ ክንፈ፣

ያለፉበት መንገድ ከእንግዲህ በሕልምዎ አይምጣ። የዛሬ ሰላምታዬ ይኸው ነው።

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ራዲያ ከሱቁ ከዳቦ ጋር ይዛው ወጣች። “ያላ፣ ፖስታ ቤት ሆነናል” አለች። በባትሪ ብርሃን አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ንዴቴን ልጻፍልዎ። እኔ የጠየቅሁዎት ምን ይዘው ወጡ ብዬ ነበር። ባዶ እጄን ቢሉኝ ኖሮ እኔም ባዶ እጄን እጠብቅ ነበር። ፍርሃትዎን አሽገው ላኩልኝ፤ እኔም ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁበት።

ግን እርስዎ ብቻ አይደሉም። እኔም ሦስት ዓመት እዚያ ቤት ኖሬያለሁ። የታሸገ ሻንጣ ምን እንደሚባል ከእርስዎ ይልቅ እኔ ላውቅ ይገባ ነበር። ደረጃ ስወጣና ስወርድ አለከለክሁ አላለከለክሁም እያልኩ ሌላውን ረሳሁት።

ሙሀባው ስለነገረዎት ሙሉውን ልንገርዎ። ምሕረቱ ባለቀ በማግስቱ የማዳም እኅት ሠራተኛ ጠፋች። ማዳም ስልኩን ዘግታ ቀጥታ ወደ ጫማው መደርደሪያ ሄደች። ቦርሳውን እብነ በረዱ ላይ ዘረገፈችው። እያንዳንዱን እያነሣች “ይህ ለምን?” አለች። ጨው፤ ለምን? ካልሲ፤ ለምን? እውነት ልንገርዎ፣ ፊቷ የተናደደ ሰው ፊት አልነበረም። የተካደ ሰው ፊት ነበር። “ምን በደልኩሽ?” አለችኝ። “ፈርቼ ነው” አልኳት። “ማንን?” አለች። የኢቃማው ቅጂ ሲወጣ ማን ሰጠሽ አሉኝ። ጂን አላልኩም። ምንም አላልኩም።

ባባ ቁጡ ሰው አይደለም። የጠፋች ሠራተኛን ቀድሞ ያላመለከተ ይቀጣል አለ፤ ለማዳም ነው የተናገረው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ጠፍታብኛለች ብሎ ሲሞላ እኔ ፊቱ ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ የአባቴን ስም አጻጻፍ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

ከጨረሰ በኋላ “በይ እንግዲህ” አለ። ቦርሳው እንደ ተዘረገፈ እዚያው ቀረ። ትንሿ ልጅ ካልሲውን በእጇ አጥልቃ ትጫወት ነበር። በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ሙሀባው በመኪና እዚህ አድርሶኝ ተመለሰ።

አሁን ስላለሁበት። ኅዳር ከገባ ጀምሮ በፈቃዱ መውጣት የሚፈልግ ይውጣ ተብሎ ከሰፈሩ ዳር አውቶቡሶች ይቆማሉ። ወደ ማቆያ ይወስዳሉ። ከማቆያው ወደ አውሮፕላን ነው የሚሉ አሉ። ማቆያው ውስጥ ሳምንት የቆየ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩ የማይነሣ አለ የሚሉም አሉ። ከእኛ ሁለቱ ሰኞ ሄዱ። ከአንዷ ሰምተናል። ከሌላዋ አልሰማንም። ራዲያ አልሄድም ብላለች። “ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ እዚህ ክፍል አርጅቻለሁ፤ በሩን ከሰበሩ ያኔ ይውሰዱኝ” አለች።

እኔ እሄዳለሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም። እዚህ ሆኜ የእያንዳንዱን እግር ድምፅ ከመቁጠር እዚያ የምፈራውን አንድ ነገር ማየት ይሻለኛል።

ሴቶቹ ምን እንያዝ ብለው ጠየቁኝ፤ ቦርሳዬን ሰምተዋል። ምንም አትያዙ አልኳቸው። ያላችሁን ልበሱት። ሁለት ቀሚስ ለብሼ አባያውን ደርቤያለሁ። ራዲያ አየችኝና “አሁንማ ሙሀባው እውነቱን ነው፣ በበር አታልፊም” አለች፤ ያወራውን ከደብዳቤዎ አንብቤላት ነበር። ከልባችን ሳቅን። ከዚያ ድምፃችን ውጭ እንዳይሰማ አፋችንን ያዝን።

ስሜ አልወጣም፤ ከነቅጂው ገላዬ ላይ ነው። ይህን ከእርስዎ ተቀብያለሁ፤ ስለዚህ ምክርዎ ሁሉ ከንቱ ነበር ብለው አያስቡ። ያ ወታደር እስከ ዛሬ ዓይኑን ከእርስዎ አልነቀለም። እኔ ከእሱ ልፈታዎ አልችልም።

ለእማዬ ሰማያዊ ሉህ የለም፤ ወረቀቱ አልቋል። የፈለጉትን ያንብቡላት። እመጣለሁ ይበሏት። መቼ ብትል አያውቁም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። የአልጋዎን ሥር ሻንጣ ይፍቱት። አንዱ ለመሮጥ ተዘጋጅቶ የተኛበት ቤት ውስጥ መግባት አልችልም፤ ይህን ያህል ርቀት መጥቼ ደግሞ በር በር ማየት አልችልም። ውኃውን ይድፉት። መርፌውን ለእማዬ ይስጧት።

አብረውኝ የሚሄዱት ከታች እየተጣሩ ነው። ራዲያ ፍራሹን ከመስኮቱ ላይ አንሥታለች፤ ፀሐይ ገብቷል።

ሹራቡን ዛሬውኑ ይልበሱት። ደብረ ብርሃን በኅዳር ይበርዳል።

ስንቅነሽ